ቁልቁለት ላይ የነዳጅ ጌጅ አትመኑ

ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርጋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የነዳጅ ጌጁን አትመኑት። ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ነዳጁ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለዋወጣል፣ ጌጁም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። መኪናው ሲያዘነብል ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ቀስቱም ይሳሳታል። ሜዳ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት።

የሚያሳስበው ግን ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ነው። ኢንጀክሽን (ነዳጅ የሚረጭ ሥርዓት) ባላቸው የቤንዚን መኪኖች ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ራሱ ቤንዚኑ ነው። ሁልጊዜ የነዳጅ ማለቂያ መብራቱ እስኪበራ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ያግለዋል። ዳገት ላይ ደግሞ ነዳጁ ሲሸሽ አየር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ሩብ ሲቀር ቅዱ። የማደያው ወረፋ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ፓምፕ ማስቀየር ግን ይብሳል።

መኪናው አልነሳ ካለ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ከኋላ ወንበር በኩል አዳምጡ። ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ካለ ፓምፑ ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው። ዝም ካለ፣ መካኒኩ «ፓምፕ ግዛ» ቢልም መጀመሪያ ፊውዙንና ሪሌውን (ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) አስፈትሹ። አንዳንድ መኪና ግን ሞተሩ ካልዞረ ድምፅ አያሰማም።