ሰንጢው አልከፈት ሲለኝ

ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ካርቶንና ገመድ ስቆርጥበት የምውል ሰንጢ አለኝ። ሰሞኑን እሱን መክፈት ትግል ሆነ። ስለቱም ካርቶኑን ከመቁረጥ ይልቅ ይቦጭቀው ጀመር። «ጥለኸው ሌላ ግዛ» ያለኝ አልጠፋም።

ካርቶን ስለት ይበላል፣ ይሄ የታወቀ ነው። የማጠፊያው ጣጣ ግን የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሙጫ ነበር፤ ውስጥ ገብቶ ከአቧራ ጋር ደርቋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የምግብ ዘይት ጠብ ያደርጋል። አይሆንም! ዘይቱ ሲቆይ ራሱ ሙጫ ይሆናል።

አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬ (ከእሳት ርቄ) ማጠፊያውን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ፈተግኩት። ጥቁር እድፍ ወጣ። በጨርቅ አድርቄ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩ። ብሎኑን ያጠበቅኩት ስለቱ ወደ ጎን መወዛወዙን እስኪያቆም ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይከረቸማል።

ቀጥሎ መሳል። መሳያ ድንጋዩን በውሃ አርሼ ስለቱን ወደ 20 ዲግሪ አጋደምኩት። መጀመሪያ በሻካራው በ400 ቁጥር ድንጋይ፣ ከዚያ በለስላሳው በ1000። ቁም ነገሩ ማዕዘኑን አለመቀያየር ነው። አንዱን ጎን ስስል፣ በሌላኛው ጎን ጥፍር የሚይዝ ስስ ሻካራ ጠርዝ እስኪወጣ አላቆምኩም። እሱ ካልወጣ ድንጋዩ ገና ጫፉ ላይ አልደረሰም። ገልብጬ ደገምኩት። የቀረውን ሻካራ በቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትኩ አነሳሁት።

አሁን በአውራ ጣት ይከፈታል፤ ወረቀት እንኳ ሳይቦጭቅ ይቆርጣል። ሚስማር መንቀያ ለሚፈልግ ግን አላውስም።