ሞተር ከታች ሲያንኳኳ፦ የተበላ ቤሪንግን መለየትና መቀየር

ሞተሩ ሲሞቅ ከታች በኩል የሚመጣና ጭነት ሲበዛበት የሚጎላ ወፍራም ኳኳታ፣ በአብዛኛው የኮኔክቲንግ ሮድ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ወይም የክራንክ ሻፍት (የሞተሩ ዋና ዟሪ ዘንግ) ዋና ቤሪንግ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ሁለት ግማሽ ቀጭን የብረት ሽፋን፣ መበላቱን ያመለክታል። ሁለቱን ለመለየት የኢንጀክተሮቹን (የነዳጅ መርጫዎቹን) ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀሉ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ አንደኛው ሲነቀል ኳኳታው ጎልቶ ከቀነሰ የሚጠረጠረው የዚያ ሲሊንደር ኮኔክቲንግ ሮድ ሲሆን፣ ድምፁ የታፈነና ጥልቅ ሆኖ እምብዛም ካልተለወጠ ግን ዋናው ቤሪንግ ነው። ክላች ሲረገጥ የክራንኩ ፑሊ ወደ ፊት የሚገፋ ከሆነ የተበላው ግፊት ተሸካሚው ቤሪንግ ነው። የዘይት መብራት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር) ብልጭ ድርግም ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሴንሰሩም ሊዋሽ ስለሚችል ሞተር ከመፍታት በፊት ግፊቱን በሜካኒካል ጌጅ መለካት ያስፈልጋል።

ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ ካፖቹ (ቤሪንጎቹን ከታች ደግፈው የሚያስሩት ክዳኖች) ሲፈቱ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት አሮጌዎቹን ቤሪንጎች ወዲያው መጣል ነው። እኔ ግን ከየት ቦታ እንደወጡ ጀርባቸው ላይ ጽፌ በተርታ ሳልደረድራቸው ሥራ አልቀጥልም፣ ምክንያቱም የጥፋቱ መነሻ የሚነበበው ከእነርሱ ነው። ዙሪያውን የተሰመሩ ጭረቶችና የተቀበሩ ብናኞች ካሉ ቆሻሻ ከዘይቱ ጋር ሲዞር ቆይቷል፤ ስለዚህ የክራንኩና የብሎኩ የዘይት ቀዳዳዎች በብሩሽና በማጠቢያ ፈሳሽ ሳይጸዱ አዲስ ቤሪንግ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ፊቱ ቀልጦ የተለወሰ የሚመስል ከሆነ ዘይት ተቋርጦበታልና ፓምፑና የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይፈተሹ። አንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ የክራንኩ አንገት (ቤሪንጉ ውስጥ የሚዞረው ክብ ክፍል) ሾጣጣ ሆኗል ወይም ኮኔክቲንግ ሮዱ ተጣሟል። ከዋና ቤሪንጎች የመካከለኛው ከዳርቻዎቹ እጅግ ከተበላ ክራንኩ መጉበጡ ወይም የብሎኩ ቀዳዳዎች ከመስመር መውጣታቸው ይመረመራል፤ ይህ በጋራዥ ቁልፍ የሚስተካከል ሳይሆን ወደ ማሽን ሾፕ የሚሄድ ሥራ ነው።

የክራንኩ አንገት በማይክሮሜትር በተለያየ አቅጣጫና ቦታ ሲለካ ክብነቱን ማጣቱ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ያለበት መሆኑ ከታየ፣ በማሽን ተሞርዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ያነሰ መጠን ያለው ቤሪንግ ይገጠምለታል። በቤሪንጉና በአንገቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በብዙ የቤት መኪናዎች ከ0.025 እስከ 0.050 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን የራሱ የሞተሩ ማንዋል ነው። ክፍተቱን ለማወቅ ቀጭን የፕላስቲጌጅ ክር በደረቅ አንገት ላይ ይቀመጣል፣ ካፑ በተወሰነለት ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ይጠብቃል፣ ተፈትቶም የተጨፈለቀው ክር ስፋት ከማሸጊያው መስፈሪያ ጋር ይነጻጸራል። በዚህ መሀል ክራንኩ ትንሽ እንኳ ከዞረ ልኬቱ ተበላሽቷል።

በገጠማ ጊዜ የቤሪንጉ ፊት ዘይት ይቀባል፣ ጀርባው ግን ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት። የዘይት ቀዳዳ ያለው ግማሽ ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር ይገጣጠማል፤ ካፖች ቁጥራቸውና አቅጣጫቸው አይቀያየርም፤ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታየውን የቤሪንግ ጫፍ በሞረድ መቁረጥም ፈጽሞ አይገባም፣ ቤሪንጉን ጨብጦ የሚይዘው እርሱ ነውና። በመጀመሪያ ሥራዬ ሦስተኛውን ካፕ እንዳጠበቅሁ ክራንኩ አልዞር አለኝ፤ ፈትቼ ሳየው ከቤሪንጉ ጀርባ ከመጥረጊያ ጨርቅ የወጣች አንዲት ክር ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ካፕ በጠበቀ ቁጥር ክራንኩን በእጄ አዞራለሁ፣ የትኛው እንደያዘው ወዲያው ይታወቃልና።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አዲስ ዘይትና ፊልተር ገብቶ፣ እሳቱና ነዳጁ ተቋርጠው ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ ድረስ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ፣ ሞተሪኖው እንዳይግል በአጭር በአጭሩ እያረፈ ይዞራል። እሳቱ የሚገናኘው ከዚያ በኋላ ነው።