ማክሮፌጅ ፕሮቲንን በተቀባዩ ይዞ ማስወገዱን እንዴት እንለካ?

በሚያበራ ቀለም ምልክት የተደረገበትን ፕሮቲን ማክሮፌጅ (ባዕድና አሮጌ ነገር የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ላይ አፍስሶ ሴሉ ሲያበራ ማየት ቀላል ነው። ከባዱ ብርሃኑ ምን እንደሚናገር ማወቅ ነው። ፕሮቲኑ የሴሉ ገጽ ላይ ተጣብቆ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ጋር ሳይመረጥ ተጎርሶም ይሆናል። በተቀባይ (በሴሉ ገጽ ላይ ሆኖ የተወሰነ ነገር በሚይዝ ፕሮቲን) ተይዞ ቢገባ እንኳ ገና ሳይፈጭ ኢንዶሶም (የተዋጠው መጀመሪያ የሚያርፍበት ከረጢት) ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መያዝ፣ መግባትና መፈጨት እያንዳንዳቸው ለብቻ መለካት አለባቸው።

ከፕሮቲኑ እንጀምር፤ አብዛኛው ስህተት የሚገባው ሴሉ ሳይነካ ነው። የተለመዱት የፍሎረሰንት ቀለሞች የሚጣበቁት ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ነው። አንድ ላይሲን ቀለም በያዘ ቁጥር አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሉን ያጣል፤ ፕሮቲኑም በጠቅላላው ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፕሮቲን የማክሮፌጅ ስካቬንጀር ተቀባዮች (አሉታዊ ሙል ያላቸውን ብዙ ነገሮች የሚይዙ) አጥብቀው ይይዙታል። ተመራማሪዎቹ ጎልድስታይንና ብራውን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ያልተነካውን ኤልዲኤል (ኮሌስትሮል ተሸካሚ የደም ቅንጣት) ማክሮፌጅ በዝግታ ሲወስድ፣ ላይሲኖቹ በአሴቲል የተሸፈኑበትን ግን በብዛት ዋጠው። በቀለም የተጨናነቀ ፕሮቲንም ወደዚያው መንገድ ይሄዳል፤ እናንተ ግን የምታጠኑት ተቀባይ የሠራው ይመስላችኋል። መካከለኛ መጠን ላለው ፕሮቲን በአማካይ ከ1 እስከ 2 ቀለም ይበቃል። ነጻ ቀለሙን በጄል ማጣሪያ ዓምድ አስወግዱ። ሙከራው ሊጀመር ሲል ደግሞ በ16,000 ጂ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አዙራችሁ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ ውሰዱ፤ የተጓጎለ ፕሮቲን የሚገባው በሌላ በር ነውና። ኢንዶቶክሲንም (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ መርዝ) መለካት አለበት። ኢንዶቶክሲን የነካው ማክሮፌጅ ሲዲ163ን (ከሃፕቶግሎቢን ጋር የተጣመረ ሄሞግሎቢን የሚይዘውን ተቀባይ) ከገጹ ቆርጦ ስለሚጥል ተቀባዩ በሌለበት ተቀባዩን ትፈልጋላችሁ።

ሴሎቹ ከአይጥ መቅኔ ከሆኑ ኤም-ሲኤስኤፍ በተባለው የእድገት ፕሮቲን (በሚሊሊትር ከ20 እስከ 50 ናኖግራም) 7 ቀን ይደጉ። ከሰው ሞኖሳይት ከሆኑም ጊዜው ተቀራራቢ ነው። ተቀባዩ መኖሩን አስቀድማችሁ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚያይ መሣሪያ) አረጋግጡ። ሲዲ163 ካነሰ ዴክሳሜታዞን፣ የማኖዝ ተቀባይ (ማኖዝ የተባለ ስኳር ያለበትን ፕሮቲን የሚይዝ) ካነሰ ኢንተርሉኪን-4 ከፍ ያደርገዋል። ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ከ200,000 እስከ 300,000 ሴል ዝሩ።

በሙከራው ቀን ሴሎቹን ሴረም በሌለበትና 0.2 በመቶ አልቡሚን ባለበት ሚዲያ ለ1 ሰዓት አቆዩ። ሴረም ውስጥ ያሉት ሄሞግሎቢን የያዘ ሃፕቶግሎቢንና ኢንዛይም የያዘ አልፋ-2-ማክሮግሎቡሊን ለተቀባዮቹ ሊሻሙ ይችላሉና። ከዚያ ፕሌቱን በረዶ ላይ 15 ደቂቃ አስቀምጡና 20 ሚሊሞላር ሄፔስና 2 ሚሊሞላር ካልሲየም ባለው ቀዝቃዛ መፍትሔ (ፒኤች 7.4) ሁለት ጊዜ እጠቡ። ካልሲየሙን መርሳት ሙከራውን ይገድላል። ሲዲ163፣ ኤልአርፒ1 (አልፋ-2-ማክሮግሎቡሊንን የሚይዝ የኤልዲኤል ተቀባይ ዘመድ) እና የማኖዝ ተቀባይ ሁሉም ያለ ካልሲየም አይይዙም።

ምልክት ያለውን ፕሮቲን በ10 ናኖሞላር ጨምራችሁ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ60 ደቂቃ አቆዩ። በዚህ ቅዝቃዜ ተቀባዩ ይይዛል፣ ሴሉ ግን አይውጥም። በተጓዳኝ ጉድጓዶች ምልክት የሌለውን ያንኑ ፕሮቲን በ100 እጥፍ ጨምሩ፤ በዚያ ጊዜም የሚቀረው መያዝ ተቀባዩን የማይመለከት ስለሆነ ይቀነሳል። ሦስት ጊዜ አጥባችሁ 37 ዲግሪ የሞቀ ሚዲያ ጨምሩ፤ በ0፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20 እና 60 ደቂቃ እየተራችሁ በረዶ ላይ መልሱ። ገጹ ላይ የቀረውን ካልሲየምን በሚነጥቀው ኢዲቲኤ (10 ሚሊሞላር) ለ10 ደቂቃ በረዶ ላይ አላቁ። የተላቀቀው “ገጽ” ነው፤ ከሴሉ ጋር የቀረው “የገባ”።

የ0 ደቂቃው ጉድጓድ ዳኛችሁ ነው። ምንም ያልገባበት ስለሆነ ኢዲቲኤው ከ90 በመቶ በላይ ማላቀቅ አለበት፤ ካላላቀቀ የሌሎቹ ሰዓቶች ቁጥር አይታመንም። ኢዲቲኤ ማክሮፌጁንም ከፕሌቱ ሊያነሳ ይችላል። ፈሳሹን በ300 ጂ ለ5 ደቂቃ አዙሩና የዘቀጡትን ሴሎች “ከገባው” ጋር ቁጠሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ የገጹም ቁጥር ያለአግባብ ያብጣል።

የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ለመለየት አጋጆችን ተጠቀሙ፦ ለማኖዝ ተቀባይ በሚሊሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ማናን (የማኖዝ ሰንሰለት)፣ ለኤልአርፒ1 ራፕ የተባለው ፕሮቲን፣ ለስካቬንጀር ተቀባይ ኤ ፖሊ-አይ (ሰው ሠራሽ የአርኤንኤ ሰንሰለት)። ፖሊ-አይን ያለ ፖሊ-ሲ አትጠቀሙ፤ የማያግደው መንትያው ከሌለ ውጤቱ አያሳምንም። ራፕ የኤልዲኤል ተቀባይ ቤተሰብ የሆኑትን ሌሎችንም ያግዳል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ጂኑን ማጥፋት ነው። የፈሳሽ መጎረስን ለመለካት ዴክስትራንን መምረጥም ስህተት ነው፤ የማኖዝ ተቀባይ ራሱ ይይዘዋል። ሉሲፈር የሎ የተባለው ቀለም ይሻላል።

አሁን ወደ መፈጨቱ። አብዛኞቹ የፍሎረሰንት ቀለሞች ፕሮቲኑ ተፈጭቶ ካለቀም በኋላ ሊሶሶም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ውስጥ ይቀራሉ። የሴሉ ብርሃን ስላልቀነሰ ብቻ “አልተወገደም” ማለት አይቻልም። ፍሎረሲን ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል፦ ሊሶሶም ውስጥ ፒኤች ወደ 4.5 ሲወርድ ይደበዝዛል፣ ፕሮቲኑ የጠፋም ይመስላል። ለዚህ ሥራ አሁንም የሚታመነው ምልክት ጨረር አመንጪው አዮዲን-125 ነው፣ የጨረር ጥንቃቄው ተጠብቆ። ፕሮቲኑ ሲፈጭ አዮዲን የያዘው ታይሮሲን ከሴሉ ወጥቶ ሚዲያው ውስጥ ይገኛል። ሚዲያውን ሰብስባችሁ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ እስከ 10 በመቶ ጨምሩ፣ በረዶ ላይ 30 ደቂቃ አቆዩና አዙሩ። ሙሉ ፕሮቲን ይዘቅጣል፤ ፈሳሹ ውስጥ የቀረው የተፈጨው ነው። ሴል ከሌለበት ጉድጓድ የተገኘውን ቁጥር ቀንሱለት።

የተፈጨው ሚዲያው ውስጥ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይዘገያል፤ መጓጓዣው ጊዜ ይወስዳልና። ከመጀመሪያው ደቂቃ ከታየ ግን ወይ ምልክቱ እየለቀቀ ነው ወይ ሴሉ ወደ ውጭ በረጨው ኢንዛይም እየተቆረጠ ነው። ለመለየት ሊሶሶም አሲድ እንዳይሆን የሚያግደውን ባፊሎማይሲን ኤ1 በ100 ናኖሞላር ለ30 ደቂቃ አስቀድማችሁ ስጡ። ሥራው የሊሶሶም ከሆነ ሚዲያው ውስጥ ያለው የተፈጨ ይወድቃል፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ሙሉ ፕሮቲን ይጨምራል። ለውጥ ከሌለ ማክሮፌጅ ያደረበትን ሚዲያ ያለ ሴል ከፕሮቲኑ ጋር 37 ዲግሪ ላይ አቆዩት፤ እዚያም ከተቆረጠ ተቀባዩ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም።