መኪናዬ ካላወቀችኝ አትነሳም

ሀይቁ ዳር አሳ እየበላ አይኑን ከመኪናው የማይነቅል ሰው ካያችሁ እኔ ነበርኩ። የኔዋ የድሮ ዲኤክስ ናት፣ ያለቀ ቁልፍ ያገኘ ሁሉ ያስነሳታል። አሁን ግን ታግ የሚባል ኮድ የያዘ ትንሽ ነገር ካላሳየኋት ንቅንቅ የለም።

መጀመሪያ የናንተዋ ምን እንዳላት እወቁ። አዳዲሶቹ ቁልፉ ራስ ውስጥ ባትሪ የማይፈልግ ቺፕ አላቸው፣ ቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለው ጥቅል ሽቦ ነው ፓወር ሰጥቶ ኮዱን የሚያነበው፣ ካልተግባቡ ሞተሩ እምቢ ይላል። አውሮፓ ህብረት በፈረንጆቹ 1998 አዲስ መኪና ላይ ግዴታ አድርጎታል። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ቁልፍ ቀራጭ ጋር ሄዳችሁ ቺፕ የሌለው ተራ ቅጂ አሰሩና ሞክሩት፣ ቢዞርም ሞተሩን ካላስነሳ ወይ አስነስቶ ወዲያው ካጠፋው አላችሁ፣ እንደ ልቧ ከተነሳች እንደኔ ናችሁ።

ከሌላችሁ ታግ የሚያነብ ኢሞቢላይዘር፣ ማለት ታጉን ካላገኘ ሞተር እንዳይነሳ የሚያደርግ እቃ፣ ገዝታችሁ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሰራ ሰው ጋር ውሰዱ። ዋናው ነገር ሪሌው፣ ማለት የእቃው መብራት ቆራጭ፣ የምኑን መስመር ይቁረጥ ነው። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞቶሪኖ እንቁረጠው ይሏችኋል፣ ለነሱ ይቀላላ! ግን ማርሿ ማንዋል ከሆነ ሁለት ጎረምሳ ገፍቶ ያስነሳታል፣ ገንዘባችሁ ውሃ በላው። ነዳጅ ፓምፑን ወይ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል በሉት። የኔዋ ካርቡሬተር ናት፣ ፓምፗም በመብራት ስለማይሰራ ኮይሉ ላይ አስገባነው። ፓምፑ ከተቆረጠ መስመሩ ላይ በቀረው ነዳጅ ተነስታ ትንሽ ሄዳ ልትጠፋ ትችላለች፣ አትደንግጡ።

አደራ ግን፣ እየነዳችሁ ታጉን ቢያጣው ሞተር የሚያጠፋ አይነት እንዳታስገቡ። ሞተር ጠፍቶ ፍሬን ሁለት ሶስቴ ከረገጣችሁ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ፓወር መሪ ከሆነም ይከብዳል፣ አባይ ድልድይ ላይ ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ አስቡት። ሲነሳ ብቻ ይጠይቅ።

ታጉን መጀመሪያ ከቁልፉ ጋር አንድ ቀለበት ላይ አንጠልጥዬው ላቫጆ በሄድኩ ቁጥር ሁለቱንም አስረክብ ነበር፣ ጅልነት። ከዛ ለይቼ ሸሚዝ ኪስ ከተትኩት፣ ከዘጌ ስመለስ ከጀልባ ልወርድ ጎንበስ ስል ጣና ውስጥ ጥልቅ! ደግነቱ ትርፉ ክሩስኮት ውስጥ ነበር፣ አስነስቼ እየሄድኩ ነው የገባኝ፣ ለካ ስንት ወር ሙሉ ለሌባው አዘጋጅቼለት ኖሯል። አሁን እናቴ ቤት ነው ያለው።