ከምትሠሩበት ፎልደር ላይ ፓኬጅ አታውጡ

አንድ ጊዜ ለአንዲት የፓይተን ላይብረሪዬ አዲስ ቨርዥን ለቀቅኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተጠቃሚ «ይሄ ሙከራ የሚለው ሞጁል ምን ይሠራል?» ብሎ ጻፈልኝ። ሞጁሉን ካጠፋሁት ሁለት ወር አልፎታል። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ የለም። ፓኬጁን ከፍቼ ሳየው ግን ቁጭ ብሏል፤ የሙከራ ዳታቤዝ ፓስወርድም ውስጡ አለ። የወጣ ፋይል ቢሰረዝም ያወረደ ሰው አውርዶታል። ቀኑን ሙሉ ፓስወርድ ስቀይር ዋልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትአፕቱልስ (የፓይተን ፓኬጅ መሥሪያ) ዊል፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀውን የፓኬጅ ፋይል፣ ሲሠራ ኮዱን መጀመሪያ ቢልድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገለብጣል፤ የሚጠቀልለው ከዚያ ነው። ኦሪጅናሉን ብታጠፉም ኮፒው እዚያው ይቀራል። ቀጣዩ ቢልድ አዲሱን በላዩ ይደርብበታል እንጂ አሮጌውን አይጠርግም። እኔም ዊሉን በቀጥታ ከምሠራበት ፎልደር ላይ ነበር የማወጣው። መቸኮል።

አሁን ለሪሊስ ሲሆን ሌላ ቦታ ባዶ ፎልደር እከፍታለሁ። ሪፖዚተሪውን (የጊት የኮድ ማከማቻውን) እዚያ ክሎን አደርጋለሁ፣ ማለትም እገለብጣለሁ፣ የቨርዥኑን ታግ (ምልክት) ቼክአውት አደርጋለሁ፣ ቢልድ አደርጋለሁ። ሲያልቅ ፎልደሩን አጠፋዋለሁ። ኮሚት ያልተደረገ፣ ማለትም ጊት ላይ ያልተመዘገበ፣ ነገር የሚሾልክበት ቀዳዳ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ቢልዱ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ደስ ይበላችሁ፤ ምናልባት ኮሚት ማድረግ የረሳችሁት ፋይል አለ፣ እናንተ ጋ ሲሠራ የከረመው ማሽናችሁ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ነው።

«ጊት ክሊን እያለ ምን አደከመህ?» የሚል አይጠፋም። ጊት ክሊን ጊት የማያውቃቸውን ፋይሎች ከፎልደሩ የሚጠርግ ትእዛዝ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ኤክስ የሚለውን ፍላግ ስትጨምሩበት ጊትኢግኖር (ጊት እንዲያልፋቸው የተባሉ ፋይሎች ዝርዝር) የደበቃቸውንም ይጠርጋል። ሚስጥር ያስቀመጣችሁበት ዶት ኢኤንቪ ፋይልም አብሮ ይሄዳል። ጊት አያውቀውምና አይመልስላችሁም። የግድ ከሆነ መጀመሪያ በኤን ፍላግ አስኪዱት፤ ሊያጠፋ ያሰበውን ዘርዝሮ ያሳያችኋል፣ ምንም አይነካም።

ፎልደሩ ንጹህ ሆኖ ማሽኑ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ከዓመት በፊት የጫናችሁት ላይብረሪ ቢልዱን ደግፎ ይዞት ይሆናል። ስለዚህ ኮንቴይነር (ከማሽኑ የተነጠለ ንጹህ አካባቢ) ውስጥ አድርጉት። የዴቢያን ሊኑክስ ሰዎች ለዚህ ኤስቢልድ የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ከመሠረታዊዎቹ የቢልድ መሣሪያዎች በቀር ያስፈልገኛል ብላችሁ የጻፋችሁትን እንጂ ሌላ አይጭንላችሁም። በኖድ (ጃቫስክሪፕት) የምትሠሩ ከሆነ፣ ፓኬጅ በሚጭነው ኤንፒኤም ላይ ኤንፒኤም ኢንስቶልን ትታችሁ ኤንፒኤም ሲአይን ተጠቀሙ፤ የላይብረሪዎቹን ትክክለኛ ቨርዥን ከያዘው ሎክ ፋይል ዝንፍ አይልም።

ቀጥሎ ፓኬጁን ክፈቱና እዩ። እኔን የሚያድነኝ ይህ ነበር፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዊል ዚፕ ፋይል ነው፤ በአንዚፕ ኤል ፍላግ ዝርዝሩ ይወጣል። ኤንፒኤም ፓክ ደግሞ ድራይ ረን አለው፤ ፓኬጁን ሳይሠራ ምን እንደሚገባበት ያሳያል። እዚያ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኤንፒኤምኢግኖር ፋይል (ከፓኬጁ የሚቀሩት ዝርዝር) ከፈጠራችሁ ኤንፒኤም አጠገቡ ያለውን ጊትኢግኖር ማየት ይተዋል። አንድ መስመር ልጨምር ብላችሁ ሌላውን ሁሉ ትከፍቱታላችሁ።

ጊዜ ካላችሁ ሁለት ጊዜ ቢልድ አድርጉና ሻ 256 ቁጥሮቹን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰሉ አሻራዎች) አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ መጀመሪያ የፋይል ሰዓትን ጠርጥሩ። ሶርስ ዴት ኢፖክ የሚባለውን ቫሪያብል በመጨረሻው ኮሚት ሰዓት ሙሉት። ዜሮ አትስጡት፤ ቁጥሩ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር ሰከንድ ስለሆነ ዜሮ 1970 ነው፣ ዚፕ ደግሞ ከ1980 እ.ኤ.አ. በፊት ያለ ዓመት መጻፍ አይችልም። አሁንም ካልገጠሙ ዲፎስኮፕ የሚባለው ማነጻጸሪያ የቱ ጋ እንደተለያዩ ፋይል በፋይል ያሳያችኋል።

በመጨረሻ ፓኬጁን ባዶ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው የተነጠለ የፓይተን ቦታ) ላይ ጭኜ ኢምፖርት አደርገዋለሁ። ከሠራ ያንኑ ፋይል እለቃለሁ። «ለማንኛውም» ብዬ እንደገና ቢልድ አላደርግም።