ሦስቷ ነጥብ ስትቀላ

ባለፈው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወረቀት ፕሪንት ላስደርግ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ልጁ ለአንዲት እናት ፎርም እየሞላ ነው። ክሮም በሚባለው ብራውዘሩ (ኢንተርኔት መክፈቻው) ላይ፣ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ የሦስት ነጥቧ ምልክት ቀልታለች። "ይቺ ነገር ምንድን ናት?" አልኩት። "አብሽር፣ ድሮም እንደዛ ናት" አለኝ። የከፈታቸውን ታቦች (ገጾች) ቆጠርኩ፤ 31!

ችግር፦ ነጥቧ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሆናለች።

ምክንያቱ፦ አፕዴት ወርዶ ተቀምጧል። ብራውዘሩ ስላልተዘጋ ግን የሚሠራው አሮጌው ነው። ቀይ ማለት አፕዴቱ ሳምንትና ከዚያ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 መጨረሻ ዌብፒ የተባለውን የፎቶ ዓይነት የሚከፍተው ኮድ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ተንኮለኛ ፎቶ ያለበት ገጽ መክፈት ብቻ ለጥቃት ያጋልጥ ነበር። ጉግል የክሮሙን አፕዴት የለቀቀው ጳጉሜ 6 ነው፤ ሞዚላ ደግሞ የራሱን ብራውዘር የፋየርፎክስን በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ። ክሮሙን ያልዘጋ ሰው አፕዴቱ ቢወርድለትም በዓሉን ከነቀዳዳው ነው የዋለው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ የጀመርከውን ፎርም ጨርሰህ ላክ፤ ግማሽ የተሞላ ይጠፋል። ከዚያ ሦስቷን ነጥብ ነክተህ ሪላውንች (ዘግቶ መልሶ መክፈት) በል። ታቦቹ ራሳቸው ይመለሳሉ። በኢንኮግኒቶ (የከፈትከው ታሪክ በማይመዘገብበት መስኮት) የተከፈቱት ግን አይመለሱም።

ችግር፦ ክሮሙ ቨርዥን 109 ላይ ቆሟል፤ ምንም ብትጫን አይነቃነቅም።

ምክንያቱ፦ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ነው። ከ110 ጀምሮ ክሮም ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። ፓኬጅ አለቀ፣ ኔትወርክ ደከመ እያልክ አትልፋ።

መፍትሄ፦ ዊንዶውሱን መቀየር። ማሽኑ ካልቻለ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም) ይሞከር። እሱም ካልሆነ ኢንተርኔቱን ነቅሎ ለጽሑፍ ብቻ ማዋል።

ችግር፦ "ብራውዘርዎ አርጅቷል፣ እዚህ ያውርዱ" የሚል ገጽ ድንገት ድቅን ይላል።

ምክንያቱ፦ ሌባ ነው። እውነተኛው አፕዴት ከብራውዘሩ ውስጥ እንጂ ከማታውቀው ገጽ አይመጣም።

መፍትሄ፦ ታቡን ዝጋው። አውርደህ ከከፈትከው ግን ኢንተርኔቱን ንቀል፣ በአንቲቫይረስ ፈትሽ፣ ፓስወርዶችህን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ ቀይር።

ልጁ ሴትዮዋን ከሸኘ በኋላ ሪላውንች አለ። 31ዱም ታብ ተመለሰ። "ኧረ! እኔ እኮ ይጠፋብኛል ብዬ ነው" አለ።