አሮጌና ርካሽ ማረፊያ ቤት ውስጥ እንዴት ደህና ሌሊት ይታደራል

ሥራዬ ሚዛን መፈተሽ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞርኩ የመጋዘንና የሱቅ ሚዛኖች በትክክል መመዘናቸውን አያለሁ። የማገኘው ውሎ አበል የሚያስይዘው ርካሽ አልጋ ብቻ ነው። ስለዚህ 11 ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ 10 ወይም 12 ሌሊት የማድረው በቆዩ ማረፊያ ቤቶች ነው። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ክፍል ውስጥ አድሬያለሁ። ከክፍል 6 ቀጥሎ ክፍል 14 የሚመጣበት ቤትም አውቃለሁ፤ ቤቱ በየጊዜው ሲቀጠል ቁጥሩም አብሮ ሲቀጠል ኖሯል። ቀዩን ቧንቧ ስትከፍቱት ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊውን ስትከፍቱት ሙቅ የሚወርድበትም አጋጥሞኛል።

እነዚህን ቤቶች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን ካላወቃችሁት ግን ሌሊቱ አይነጋም።

ከሁሉ በፊት እርጅናንና ቸልተኝነትን ለዩ። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ የሚል ደረጃ እርጅና ነው። ዙሪያው የጠቆረ ሶኬት ቸልተኝነት ነው። የደበዘዘ መጋረጃ እርጅና ነው። የማይቆለፍ በር ቸልተኝነት ነው። ከእርጅናው ጋር ተስማምታችሁ መተኛት ትችላላችሁ። ቸልተኝነት ካያችሁ ግን ክፍል ቀይሩ፣ ካልሆነም ቤቱን ቀይሩ።

ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ

ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙቅ ውሃ በምንድን ነው የሚሞቀው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚኖረው? ማታ ጭፈራ ወይም ግንባታ አጠገባችሁ አለ? ፀጥ ያለው ክፍል የትኛው ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። “ሁሉም ክፍል ጥሩ ነው” ከተባልኩ እጠራጠራለሁ። አንድ ጊዜ ስልክ ያነሱት ሰውዬ ግን “8 ቁጥርን ውሰጂ እህቴ፣ 4 የውሃው ፓምፕ ጎን ስለሆነ ሌሊት አያስተኛሽም” አሉኝ። እንዲህ የሚል ሰው ቤቱን ያውቀዋል። የሚያውቁት ቤት ደግሞ ይጠገናል። እስካሁንም ወደዚያ ከተማ ስሄድ ሌላ ቦታ አላድርም።

ሌሎች እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ስታነቡ ኮከቡን እርሱት። “ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የድሮ ነው” የሚለውን እለፉት። በተለያየ ወር የተለያየ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ከጻፈ ግን ቁም ነገር አለው። ትኋን፣ ሻግታ፣ የማይቆለፍ በር፤ እኔ የምፈልጋቸው ቃላት እነዚህ ናቸው። የቅርብ ጊዜውን አንብቡ። ከሦስት ዓመት በፊት የተባለው ነገር ተስተካክሎ ይሆናል፣ ያኔ ጥሩ የነበረውም ተበላሽቶ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች

ቁልፍ ተቀብላችሁ ስትገቡ ሻንጣችሁን አልጋው ላይ አታድርጉት። ምንጣፉ ላይም አታስቀምጡት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ሴራሚክ ላይ አቁሙት። ይህን ያስተማረኝ መከራ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ጉዞ ትኋን በሻንጣዬ ይዤ ቤቴ ገባሁ። እኔና እህቴ አራት ወር ሙሉ አልጋ ስንፈታ፣ ልብስ በፈላ ውሃ ስንዘፈዝፍ ከረምን።

ያደገ ትኋን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፤ ተልባ ይመስላል። እንቁላሉ ነጭ ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህላል። ቀን ተደብቆ ስለሚውል ራሱን ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ምልክቱን ግን ታገኛላችሁ። የስልካችሁን መብራት አብሩና አንሶላውን ከራስጌ በኩል ግለጡት። የፍራሹን ስፌትና ጥግ ተከተሉ። በእስክሪብቶ የተነካ የሚመስል፣ ጨርቁ ውስጥ የሰረገ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ኩሱ ነው። ከዚያ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ፣ ግድግዳውን በሚነካበት በኩል እዩ። እዚያ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፣ ትኋን ደግሞ በጣም የሚወደው ቦታ ነው።

“ክፍሉ እንግዳ ከገባበት ሰንብቷል” ቢሏችሁ አትጽናኑ። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። “ትናንት ያደረው ሰው ምንም አላለም” የሚለውም ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንድ ሰው ላይ የንክሻው ምልክት እስኪወጣ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል። ካገኛችሁ ሌላ ክፍል ጠይቁ። የጎኑ፣ የላዩና የታቹ ክፍል ግን አይሁን፤ በግድግዳ ስንጥቅና በኤሌክትሪክ ገመድ መተላለፊያ በኩል ይሄዳል። ስትናገሩ ሰዉን አታሸማቅቁ። ትኋን ንጹሕ ቤትም፣ ውድ ሆቴልም ይገባል። በሽታ እንደሚያስተላልፍም አልታወቀም። ቤት ስትመለሱ ልብሳችሁን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ ካቆያችሁት ይሞታል።

ውሃውና ሽታው

ሙቁን ቧንቧ ክፈቱና ጥቂት ደቂቃ ልቀቁት። መጀመሪያ የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ሊመጣ ይችላል። የብረት ቧንቧ ያለበት የድሮ ቤት እንዲህ ነው። በአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠራ እርጅና ነው። ካልጠራ ተናገሩ።

የሻወሩን ውሃ ስትለቁ እናንተ ወጣ በሉ። በተለይ ክፍሉ ብዙ ቀን ተዘግቶ ከነበረ። ቧንቧ ውስጥ ለብ ብሎ የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያራባል፤ የሚመቸው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰው የሚይዘው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን በአብዛኛው ተኑንና ብናኙን በመተንፈስ ነው። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል ከተሰበሰቡ እንግዶች መካከል ብዙዎቹ በሳንባ ምች ታመው ከ25 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ነው። ያኔ መንስኤ የተባለው የሕንፃው የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ ነበር። ሻወሩን አምስት ደቂቃ መልቀቅ ትንሽ ጥንቃቄ ናት፣ እኔ ግን አልዘላትም።

አሁን ስለ መታጠቢያ ቤት ሽታ። እንግዶች በብዛት የሚያማርሩት በዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ደቂቃ ይፈታል። አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ የፍሳሽ ሽታ አላስቀምጥ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ክፍል ቀየርኩ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥም ያው ሽታ። አንሶላ ልትቀይር የገባችው የጽዳት ሠራተኛ አየችኝና “እህቴ፣ እስቲ መሬቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ጆግ ውሃ ድፊበት” አለችኝ። ደፋሁበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽታው ጠፋ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ከሲንኩም፣ ከሻወሩም ሥር የታጠፈ ቧንቧ አለ። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ እንደ ክዳን ሆኖ የፍሳሹን ጋዝ ያግዳል። ይህ ዘዴ ለሽንት ቤት መቀመጫ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1775 ሲሆን ባለቤቱ አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። ክፍሉ እንግዳ ሳይገባበት ሲቆይ ውሃው ይተናል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሽታው ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ በቂ ነው። ውሃ ደፍታችሁም ካልጠፋ ቧንቧው ተሰብሯል ወይም ተደፍኗል ማለት ነው፤ ያኔ ክፍል ቀይሩ።

ቧንቧውን ስትዘጉት ግድግዳው ውስጥ ዱብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትደንግጡ። እየሮጠ የነበረ ውሃ ድንገት ሲቆም የሚያሰማው ነው። ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ የጎረቤታችሁንም እንቅልፍ ታተርፋላችሁ።

ችላ የማይባሉ

ውሃው ሲነካችሁ ወይም የቧንቧውን ብረት ስትነኩ ከነዘራችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወዲያው ውጡ። ብረቱን ደግማችሁ አትንኩት። ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የመሬት መስመሩ፣ የለም ወይም የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያለፈ ነው። “ሁሌም ትንሽ ይነዝራል፣ ችግር የለውም” ብሎኝ የሚያውቅ ሠራተኛ አለ። ችግር አለው። የዚያን ቀን በባልዲ ታጠብኩ፣ በነጋታው ቤቱን ለቀቅኩ።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ካለ መስኮቱ መከፈቱን እዩ። ከሰል ክፍል ውስጥ አታስገቡ፤ ጄነሬተር መስኮታችሁ አጠገብ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መስኮት መክፈት ጭሱን ያስገባልና ሌላ ክፍል ጠይቁ። በደንብ ያልነደደ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሲመጣ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ። ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ።

ስልክ ስትሰኩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ ንቀሉት። በአንድ ዲቫይደር ላይ ማሞቂያም ካውያም አትሰኩ።

ከበራችሁ እስከ መውጫው ስንት በር እንዳለ ቁጠሩ። እኔ በጣቴ ግድግዳውን እየነካሁ አንዴ እሄደዋለሁ። ጭስ ካለ ዓይን አይሠራም፤ የሚያወጣችሁ የቆጠራችሁት ቁጥር ነው። የመውጫው በር ሌሊት በቁልፍ የሚዘጋ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቁ። የክፍላችሁ መቀርቀሪያ ላላ ካለ ከውስጥ የእንጨት ሽብልቅ ከበሩ ሥር አስገቡ። ሽብልቄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከጥርስ ብሩሼ ጋር ነው የምትታሸገው።

ድምፅና ፍራሽ

የላይኛው ፎቅ ላይ ከራሳችሁ በላይ የሚራመድ የለም። ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ዝናቡን ትሰሙታላችሁ። እኔ የምመርጠው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመንገዱ በተቃራኒ፣ ከደረጃው ራቅ ያለ ክፍል ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ከበሩ ሥር ለሚገባ መብራትና ድምፅ ፎጣ ጠቅልላችሁ አስደግፉበት።

ፍራሹ መሐሉ ከጎደጎደ ገልብጡት። ስፖንጅ ፍራሽ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሰጥመው።

ስትናገሩ

ቅሬታ ካላችሁ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ ገና ሳይመሽ፣ በአካል ወርዳችሁ ተናገሩ። እኩለ ሌሊት ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሌላ ክፍል ቁልፍ ላይኖረው ይችላል። “ክፍሉ አይረባም” አትበሉ። “የመስኮቱ መዝጊያ አይገጥምም፣ ንፋስ ይገባል” በሉ። እንዲህ ስትሉ የሚሠራው ነገር ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ሠራተኞቹን ጠይቁ። አንድ ቤት ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ አንድ አዛውንት አሉ። ደብተር ይይዛሉ። የክፍሉን ቁጥር በግራ፣ ጠባዩን በቀኝ ጽፈዋል። “ጋሼ፣ ዛሬ የትኛው ይሻለኛል?” እላቸዋለሁ። መነፅራቸውን ያደርጉና “ጉንፋን አለብሽ መሰለኝ፣ 11 ይሁንልሽ፣ ከወጥ ቤቱ በላይ ስለሆነ ይሞቃል” ይላሉ። ይህን የትም ተጽፎ አታገኙትም።

ስትወጡ የተበላሸውን ነግራችሁ ውጡ፣ ለራሳችሁ ባይጠቅምም። ከዚያ ለሚመጣው እንግዳ ጻፉ። ቀኑንና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ፤ የድሮ ቤት ውስጥ ክፍልና ክፍል ስለማይመሳሰል ያለ ቁጥር የተጻፈ አስተያየት ብዙም አይረዳም። የኔ የመጨረሻው ይህ ነበር፦

“ክፍል 9፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል። ፍራሹ ጠንካራ፣ ትኋን የለም፣ ራስጌውን ጭምር አይቻለሁ። ሙቅ ውሃ ከ4 ደቂቃ በኋላ ይመጣል። ሰማያዊው ነው ሙቁ። ወለሉ ያጋድላል፣ አልጋው ግን በእንጨት ተስተካክሏል። በሩን ለመቆለፍ ወደ ላይ ገፋ አድርጉት።”